እንዴት ይሠራል? ሃርድ ዲስክ በመተማ ሙቀት

«ማይ ፓስፖርት» የተባለው የዌስተርን ዲጂታል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የአምራቹ መግለጫ፣ ዕቃው በሥራ ላይ ሳለ የአካባቢው ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት ይላል። መተማ ዮሐንስ ላይ በበጋው ማብቂያ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሱቅ ገብቶ «ባለ 2 ቴራውን ስጠኝ» ብሎ የሚወጣ የመተማ፣ የገንዳ ውኃ፣ የገለጉ ወይም የአብርሃ ጅራ ሰው፣ ሳያውቀው ለሌላ አየር ጠባይ የተሠራ ዕቃ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቆላ ላይ ሃርድ ዲስክ አይሠራም ለማለት አይደለም። ሠርግ የሚቀርጸውም፣ የሰሊጥ ሒሳብ የሚይዘውም፣ የጤና ጣቢያ መረጃ የሚያጠናቅረውም በየቀኑ ይጠቀምበታል። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ «ስንት ቴራ ነው?» ይላል፤ ቀጥሎ ማርካውን ይጠይቃል። ለቆላው ሰው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ሙቀቱን፣ የመብራቱን መቆራረጥና መንገዱን የሚችለው የትኛው ነው? ገንዘቡም አንድ ትልቅ ዲስክ ላይ ከሚያልቅ ሁለት መካከለኛ ዲስኮች ቢገዙበት ይሻላል። ምክንያቱን ለማየት ዕቃውን ከውስጡ እንጀምር።

ውስጡ ምን አለ?

ገበያ ላይ በአንድ ስም «ኤክስተርናል» እየተባሉ የሚሸጡት ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ውስጡ በማግኔት ንጥረ ነገር የተቀባ፣ እጅግ የተወለወለ ክብ ሳህን አለ። ሳህኑ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። ስፋቱ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠርዙ በሰዓት 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ከላዩ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የምታነብና የምትጽፍ ትንሽ ራስ አለች። ሳህኑ ሲዞር በሚያስነሳው ንፋስ ተደግፋ፣ ሳህኑን ሳትነካ፣ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ላይ ትንሳፈፋለች። የአንድ ጸጉር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ገደማ መሆኑን ካሰብን ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይገባናል። ዲስኩ እየሠራ ሳለ ቢወድቅ ራሷ ሳህኑን ትፍቃለች፤ የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ፋይል አይመለስም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት፤ ይዘቱ ደግሞ 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ያን ሁሉ ይሞላዋል። ዕቃው በብዙ እጥፍ አንሷል፤ የሚዞረው ሳህንና የምትንሳፈፈዋ ራስ ግን ዛሬም አሉ።

ሁለተኛው ዓይነት ኤስኤስዲ ነው። የሚዞርም የሚንሳፈፍም ነገር የለውም። ፋይሉ የሚቀመጠው በጣም ጥቃቅን በሆኑ የቺፕ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል መልክ ነው። ቴክኖሎጂው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓኑ ቶሺባ ኩባንያ ውስጥ ተወልዶ በኋላ ወደ ፍላሽ፣ ወደ ሜሞሪ ካርድና ወደ ስልኮቻችን የገባው ነው። ኤስኤስዲ ከጠረጴዛ ቢወድቅ የሚፋቅ ሳህን የለውም፤ ድምፅም አያሰማም። በተመሳሳይ መጠን ግን ዋጋው ከሚሽከረከረው በግልጽ ይበልጣል።

ሱቅ ላይ ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤስኤስዲ» ተብሎ ካልተጻፈ የሚሽከረከረው ነው ብለው ይያዙት። ሰክተው ጆሮዎን ቢያስጠጉት ቀስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ ይሰማሉ፤ መዳፍዎ ላይ ቢያደርጉት ደግሞ ንዝረቱ ይሰማዎታል።

ሙቀቱ ምን ያደርገዋል?

35 ዲግሪ የሚለው ገደብ ያለ ምክንያት የተቀመጠ አይደለም። ዲስኩ ሲሠራ ራሱም ይሞቃል። በፕላስቲክ ልባሱ ተዘግቶ ረጅም ኮፒ ሲያደርግ ውስጡ ከውጭው አየር በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ለውስጠኛው ዲስክ የሚፈቀደው የሙቀት ጣሪያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 60 ዲግሪ ነው። ጎንደር ላይ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ዲስኩ 40 ዲግሪ ቢደርስ ምንም አይሆንም። መተማ ላይ 42 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ያንኑ ኮፒ ሲያደርግ 57 ይደርሳል፤ ከጣሪያው የቀረው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሙቅ አየር በሚተፋበት ጎን ከተቀመጠ ወይም ፍራሽ ላይ ከተጣለ ጣሪያውን ያልፋል።

ሙቀት ዲስኩን በአንድ ቀን አይገድለውም። የሞተሩን ቅባትና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹን ቀስ በቀስ ያደክማል፤ የንባብ ስህተቱን ያበዛል፤ ዕድሜውን ሊያሳጥረው ይችላል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚያውቀው ዲስኩ አልከፈት ያለ ዕለት ነው።

ኤስኤስዲ በዚህ በኩል ይሻላል። ለምሳሌ የሳምሰንግ ቲ7 የሥራ ሙቀት ከ0 እስከ 60 ዲግሪ ነው። ሲግል ደግሞ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ኮፒው ይዘገያል እንጂ ዕቃው አይጎዳም። ስለዚህ በቀን፣ በሙቀት፣ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ለሚሠራ ሥራ የቆላው ሰው ምርጫ ኤስኤስዲ ሊሆን ይገባል።

ነገር ግን ኤስኤስዲም የራሱ ድካም አለው፤ ሻጮችም ይህን አያነሱትም። በቺፑ ውስጥ የታሰረው የኤሌክትሪክ ሙል ዕቃው ሳይሰካ ሲቀመጥ በጣም በዝግታ ይሾልካል፤ ሙቀት ደግሞ መሹለኩን ያፋጥነዋል። ጄዴክ የተባለው ደረጃ አውጪ ማኅበር ለተራ ተጠቃሚ ኤስኤስዲ ያወጣው መስፈርት፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ኤስኤስዲ ሳይሰካ በ30 ዲግሪ ሙቀት ፋይሉን ለ1 ዓመት እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲስ ኤስኤስዲ ከዚያ በጣም የረዘመ ጊዜ ይይዛል። ቢሆንም ብዙ የተጻፈበትን ኤስኤስዲ መተማ ላይ በቆርቆሮ ቤት ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ለዓመታት መርሳት ፋይሉን ለአደጋ መስጠት ነው። በየሁለት በየሦስት ወሩ ይስኩት፤ ፋይሎቹን ከፍተው ይዩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ይዘቱን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው እንደገና ይጻፉበት።

የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በዚህ በኩል ይበልጣል። ሳይሰካ ሲቀመጥ እስከ 65 ዲግሪ ይችላል፤ ማግኔት ላይ የተጻፈውም ለብዙ ዓመታት አይለቅም። እንግዲህ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፦ በሙቀት ለመሥራት ኤስኤስዲ፣ ጠፍቶ ለመቀመጥ የሚሽከረከረው።

የሚሽከረከረው ብቻ ካለዎት ረጅሙን ኮፒ ለማለዳ ያቆዩት። ዲስኩን በጠንካራ ነገር ላይ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያድርጉት። ጨርቅ አያልብሱት። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት አይተዉ፤ ከውጭ 40 ዲግሪ ሲሆን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ዳሽቦርድ 65 ዲግሪን በቀላሉ ያልፋል።

መብራት ሲሄድ፣ ኃይል ሲያንስ

ትንንሾቹ ኤክስተርናሎች የራሳቸው ቻርጀር የላቸውም፤ ኃይላቸውን የሚያገኙት ከተሰኩበት ዩኤስቢ ነው። አሮጌው ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው እስከ 0.5 አምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3.0 እስከ 0.9 አምፔር ይሰጣል። የሚሽከረከረው ዲስክ ሳህኑን ከቆመበት ሲያስነሳ ለጥቂት ሰከንድ 1 አምፔር ገደማ ሊፈልግ ይችላል። ገመዱ ቀጭንና ረጅም ከሆነ፣ ወይም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማውዝና ፍላሽ አብረውት ከተሰኩ ኃይሉ አይበቃውም። ያኔ ዲስኩ ለመነሳት ይሞክርና ያቆማል፤ ደግሞ ይሞክራል፤ «ቀጭ… ቀጭ…» የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ዲስኩ ተበላሸ ይላል። ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት አብሮት የመጣውን አጭር ገመድ ተጠቅመው በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ፣ ቢቻል በሰማያዊው መሰኪያ በኩል ይስኩት። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ለፊቱ ይልቅ የኋላው መሰኪያ ይሻላል። በቂ ኃይል አግኝቶም «ቀጭ ቀጭ» ካለ ግን ወዲያው ይንቀሉት፤ ራሷ ተጎድታ ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ሳህኑን የበለጠ ይጎዳዋል። በቤት ውስጥም አይፍቱት።

ሁለተኛው አደጋ መብራት ኮፒ መሀል ላይ ሲጠፋ የሚመጣው ነው። ኮምፒውተሩ ፋይሎችን ከመጻፍ ሌላ፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫም ይጽፋል። ማውጫው በከፊል ተጽፎ ኃይል ከተቋረጠ ሙሉ ዲስኩ «ፎርማት ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያኔ «አዎ» አይበሉ። ማውጫውን የሚጠግንና ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ ፎርማት ካደረጉ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል።

የላፕቶፕ ባትሪ እዚህ ላይ ትልቅ መከታ ነው። ባትሪው ጤነኛ ከሆነ መብራት ቢሄድ፣ ጀነሬተር ቢነሳ፣ ተመልሶ ቢጠፋ ዲስኩ አያውቀውም። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ወይም ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ዋናውን ፋይል ቆርጦ ወደ ዲስክ ማዛወር አይገባም። ኮፒ ያድርጉ፤ መግባቱን ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን ያጥፉ። ሲጨርሱም ዝም ብለው አይንቀሉ፤ በታች በኩል ካለችው ምልክት «ሴፍሊ ሪሙቭ» ብለው፣ የዲስኩ የራሱ መብራት እስኪረጋ ጠብቀው ያውጡት።

ፍጥነት ለቆላ ሰው ለምን ይጠቅማል?

100 ጊጋ የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ እንውሰድ። በዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በሰከንድ 35 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያልፍ 48 ደቂቃ ይፈጃል። የሚሽከረከረው ዲስክ በዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ 110 ሜጋ ባይት ቢጽፍ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። 450 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ኤስኤስዲ ከ4 ደቂቃ በታች ይጨርሳል። ኮፒው ባጠረ ቁጥር ዲስኩ የሚግልበት ጊዜ ያጥራል፤ መብራት መሀል ላይ የመጥፋቱም ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ ፍጥነት እዚህ ዕቃውንም ፋይሉንም ይጠብቃል።

ፍጥነቱን የሚወስነው ከሰንሰለቱ ሁሉ ደካማው ነው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ውድ ኤስኤስዲ ገዝቶ ጥቁሩ ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ ላይ ቢሰካው የሚያገኘው ያንኑ 35 ሜጋ ባይት ነው። ዩኤስቢ 3.0 አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ወይም ከጎኑ «ኤስኤስ» የሚል ምልክት አለው። ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ላፕቶፕ ጎን ይመልከቱ።

የፋይሎቹ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አንድ ባለ 10 ጊጋ ቪዲዮና 10 ጊጋ የሚሞሉ አሥር ሺህ ትንንሽ ፋይሎች እኩል ጊዜ አይወስዱም። ሰሊጥን በኩንታል መኪና ላይ መጫንና ያንኑ ሰሊጥ በጣሳ እየሰፈሩ መጫን አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዲስኩም ለእያንዳንዷ ትንሽ ፋይል ቦታ ፈልጎ፣ ማውጫው ላይ መዝግቦ፣ እንደገና መነሳት አለበት። የሚሽከረከረው ዲስክ ለዚህ ራሷን ከቦታ ቦታ ማመላለስ ስላለበት በጣም ይዘገያል። ብዙ ትንንሽ ፎቶና ሰነድ ያለው ሰው መጀመሪያ በዚፕ አንድ ፋይል አድርጎ ቢያሽገው ጊዜ ይቆጥባል።

የሚሽከረከረው ዲስክ በረጅም ኮፒ መሀል ድንገት ፍጥነቱ ቢወርድም አይደንግጡ። ከአዲሶቹ ትንንሽ ዲስኮች ብዙዎቹ ብዙ ፋይል እንዲይዙ የጽሕፈት መስመሮቻቸው ጠርዝ ለጠርዝ ተደራርበው ይጻፋሉ፤ አንዱን መስመር ለመለወጥ አጎራባቾቹም እንደገና መጻፍ አለባቸው። ለማስቀመጫ ይህ ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ለሚጻፍበትና ለሚሰረዝበት ሥራ ግን ያሰለቻል።

ስንት ቴራ ይበቃል?

ካርቶኑ ላይ «1 ቴራ» የሚል ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ሆኖ ይታያል። ሻጩ አላጭበረበረም። አምራቹ 1 ቴራን 1,000,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ ደግሞ አንዱን ጊጋ 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ያካፍለዋል። ባለ 2 ቴራውም በዚሁ ስሌት 1.81 ሆኖ ይታያል።

የሚያስፈልግዎትን መጠን ከሥራዎ ይነሱና ያስሉ። የሰሊጥና የጥጥ ሒሳብ፣ የሠራተኛ መዝገብ፣ የተቃኘ ሰነድ በጣም ትንሽ ቦታ ይፈልጋል፤ የአንድ ነጋዴ የብዙ ዓመት ሒሳብ 64 ጊጋ ፍላሽ አይሞላም። በስልክ የሚነሳ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ቢሆን 1 ቴራ ላይ 250,000 ፎቶ ይገባል። ቪዲዮ ግን ቦታ ይበላል። በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋ ይሞላል። በሁለት ካሜራ ለአምስት አምስት ሰዓት የተቀረጸ ሠርግ 225 ጊጋ ይሆናል፤ አንድ ቴራ አራት ሠርግ ይዞ ይሞላል። በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ከሆነ ደግሞ ሁለት ሠርግ ብቻ።

መንገዱ፣ አቧራው፣ ክረምቱ

ከጎንደር በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃና መተማ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ እርሻው ጣቢያና ወደ ቋራ ሲገባ ግን ዕቃ ሁሉ ይናጣል። የሚሽከረከረው ዲስክ ሲጠፋ ራሷ ከሳህኑ ላይ ተነስታ ወደ ማረፊያዋ ትገባለች፤ በዚህ ሁኔታ መናጥን በጣም ትችላለች። እየሠራ ሳለ ግን አትችልም። ስለዚህ ከነቀሉት በኋላ ሳህኑ እስኪቆም አሥር ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ ያንሱት። በሚሄድ መኪና ላይ ተሰክቶ መሥራት ያለበት ሰው ኤስኤስዲ ይግዛ።

አቧራ ወደ ሳህኑ አይገባም። ሳጥኑ የአየር ግፊቱን የሚያስተካክልባት ቀዳዳ በማጣሪያ የተሸፈነች ናት። አቧራ የሚጎዳው የገመዱን መሰኪያ ነው። የዋልካው ብናኝ መሰኪያው ውስጥ ሲጠቀጠቅ ገመዱ ይላላል፤ የላላ ገመድ ደግሞ በኮፒ መሀል ያቋርጣል። በዚፕ የሚዘጋ ጠንካራ ቦርሳ ከዲስኩ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። የሳምሰንግ ቲ7 ሺልድ ዓይነቶቹ «አይፒ 65» የሚል ደረጃ አላቸው፤ 6 ቁጥር አቧራ ጨርሶ እንደማያስገባ፣ 5 ቁጥር ደግሞ ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ እንደሚችል ያሳያል። ውኃ ውስጥ ግን አይነከርም።

በክረምት ሌላ ነገር ይመጣል። ቀዝቃዛ አየር ካለው መኪና ወይም ቢሮ ወጥተው እርጥበት ወዳዘለው ሞቃት አየር ሲገቡ ዲስኩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ከመስካትዎ በፊት ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩን ይልመድ።

ሱቅ ላይ እንዳይታለሉ

በኪስ የሚያዝ «ባለ 16 ቴራ ኤስኤስዲ» በርካሽ ከቀረበልዎ ሐሰተኛ ነው። ውስጡ ሲፈታ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ፣ አንዳንዴም ክብደት እንዲሰጠው የተለጠፈ ብረት ይገኝበታል። ኮምፒውተሩን እንዲያታልል ተደርጎ ስለተዘጋጀ 16 ቴራ ብሎ ይታያል፤ ፋይልም የተቀበለ ይመስላል። እውነተኛው ቦታ ከሞላ በኋላ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፍበታል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፍቱት ባዶ ነው። «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን በሙከራ ፋይል ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ያወጣል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሻጩ ጋር የመመለሻ ጊዜ ተስማምተው ቤትዎ ያድርጉት።

ሁለተኛው ማታለያ ያገለገለን ዲስክ በአዲስ ካርቶን መሸጥ ነው። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዘው ይሂዱና ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ዲስኩን ሰክተው ይክፈቱት። ዲስኩ በሕይወቱ ስንት ሰዓት እንደሠራና ስንት ጊዜ እንደተነሳ ራሱ መዝግቦ ይይዛል። አዲስ የተባለው ዲስክ የሺህ ሰዓታት ሥራ ካሳየ አዲስ አይደለም። የተበላሹ ቦታዎችን የሚቆጥረው መስመርም ዜሮ መሆን አለበት፤ ከዜሮ ከፍ ካለ አይግዙት።

የአሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ አውጥቶ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ማስገባትም የተለመደ ነው። ጤናው በዚሁ ፕሮግራም ከታየ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም አንድ ጥቅም አለው፦ መሰኪያው ቢሰበር ኬዙ ብቻ ይቀየራል። ከፋብሪካ ከሚመጡት አንዳንዶቹ የዩኤስቢ መሰኪያቸው በቀጥታ ዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፤ መሰኪያው ከተጎዳ ፋይሉን ማውጣት የባለሙያ ሥራ ይሆናል።

በምን ፎርማት ይሁን?

ሦስት ምርጫ አለ። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ለቪዲዮ አይሆንም። ኤክስፋት በዊንዶውስም በማክም ይጻፍበታል፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ማውጫውን መልሶ የሚያስተካክልበት የለውጥ መዝገብ የለውም። ኤንቲኤፍኤስ ያ መዝገብ አለው፤ በኮፒ መሀል ቢቋረጥ ከኤክስፋት ይልቅ ራሱን ያድናል። ማክ ግን ያነበዋል እንጂ እንዲሁ አይጽፍበትም። መብራት በሚቆራረጥበት አገር፣ በዊንዶውስ ብቻ ለሚሠራ ሰው የእኔ ምክር ኤንቲኤፍኤስ ነው።

ለምን ሁለት?

አንዳንድ ፋይል አንዴ ከጠፋ በቀላሉ አይተካም፤ ምሳሌ እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. በቋራው አላጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ ለዓለም የተነገረው በፎቶ ማስረጃ ነበር። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሃንስ ባወር ቦርን ፍሪ በተባለው የዱር እንስሳት ድርጅት ድጋፍ ባካሄደው ጉዞ በቦታው የተተከሉ ካሜራዎች አንበሳውን ያዙት፤ ዱካውም ተገኘ። የቋራ ሰው አንበሳው እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ሳይንሱ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ቦታ እንደሚፈልግ እናስላ። 20 ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በቀን 100 ፎቶ ቢያነሱ በ60 ቀን 120,000 ፎቶ፣ በ4 ሜጋ ባይት ሒሳብ 480 ጊጋ ይሆናል። ያ ሁሉ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ቢሆንና ዲስኩ ቢጠፋ፣ እንደገና ለማግኘት ሌላ በጋ መጠበቅ ነው። ያለፈን ሠርግ ደግሞ በምንም መጠበቅ አይመልሱትም።

«ኢንተርኔት ላይ ባስቀምጠውስ?» የሚል ይኖራል። ለጥቂት ሰነድ ጥሩ ነው። 500 ጊጋ ግን በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ያለ ማቋረጥ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱንም የክልሉ ሰው አይረሳውም። ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠና ሌላ መስመር የሌለው ሰው በእነዚያ ወራት የራሱን ሥራ ማየት አልቻለም።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ለዚህ ጥሩ መመሪያ ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። ለመተማ ሰው እንዲህ ይሆናል፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው አጠገብ ባለ ኤስኤስዲ ላይ፣ ሦስተኛው ጎንደር ዘመድ ቤት በሚቀመጥ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ። ቀዝቀዝ ያለው የጎንደር አየር ለዲስኩም ይስማማዋል። አንዱ ቤት ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ ወይም ሰው ድንገት ቤቱን ጥሎ ቢወጣ ሌላው ይተርፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩትን ያየ ሰው፣ ዲፕሎማና የልደት ማስረጃ ጥሎ መውጣት ምን ያህል እንደሚያንገላታ ያውቃል። የቤተሰቡን ሰነድ ቃኝቶ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሥራ መሆን አለበት።

ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ዲስክ ሊጠፋም ይችላል፤ ስለዚህ በይለፍ ቃል ይቆልፉት። በዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር፣ በሌላው ላይ ነፃው ቬራክሪፕት ይሠራል። የታካሚ መረጃ ለሚይዝ የጤና ባለሙያ ይህ ግዴታ ነው። ቃሉን ግን ከዲስኩ ርቆ በወረቀት ይጻፉት፤ ከረሱት ማንም አይከፍትልዎትም።

ማን የቱን ይግዛ?

ሰነድና ሒሳብ ብቻ ያለው ነጋዴ ወይም ማኅበር ቴራ አያስፈልገውም። ሁለት የታወቁ ባለ 64 ጊጋ ፍላሾች ገዝቶ በየሳምንቱ አርብ እያፈራረቀ ይገልብጥባቸው። አንዱ ከሱቁ ውጭ ይደር።

ተማሪ፣ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ባለ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ይበቃቸዋል፤ ከላፕቶፑ ጋር ተሸክመው ስለሚዞሩት መውደቅን መቻሉ ይጠቅማቸዋል። ለመጠባበቂያ ጤናው የታየ የአሮጌ ላፕቶፕ ዲስክ በኬዝ ይጨምሩ።

ሠርግ ቀራጭ፣ ተመራማሪና የመስክ ሠራተኛ ለሥራ ባለ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ ለማስቀመጫ ደግሞ የሚሽከረከር ባለ 2 ቴራ ይያዙ። ደንበኛው ሥራውን እስኪረከብ ድረስ የካሜራው ካርድ አይጥፋ።

ለሁለቱም የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሰው ትልቁን ኤስኤስዲ ትቶ ሁለት ትንንሽ የሚሽከረከሩ ዲስኮችን ይግዛ፤ ኮፒውን በማለዳ ያድርግ። ሁለት ተራ ዲስክ ያለው ሰው አንዱ ሲሞትበት አንድ ቀን ይበሳጫል። አንድ ምርጥ ዲስክ ብቻ ያለው ሰው ግን በዚያች ቀን ሥራውን በሙሉ ያጣል። ዲስክ ደግሞ ዛሬ ባይሆን ነገ መሞቱ አይቀርም፤ ቆላ ላይ ያቺ ቀን ፈጥና ትመጣለች። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ማለዳ ይምረጡና ዳግም ሊገኝ የማይችለውን ፋይልዎን ለይተው ሁለተኛ ቅጂ ያውጡ፤ ያወጡትንም ከፍተው ይዩ።